ቀዩ ዘይት እስኪወጣ፦ የጋናን የለውዝ ሾርባ ቤቴ ስሞክር

ጥር 2፣ ቅዳሜ ጠዋት

ዛሬ ማዕድ ቤቱ የእኔ ነው። ባለቤቴ እስከ ማታ ሥራ ላይ ናት። ልጃችን ካርቱኗን ከፍታ ተቀምጣለች።

የምሠራው የጋና የለውዝ ሾርባ ነው፣ በዶሮ። አብረውኝ ሌሊት የሚሠሩ አንዲት ጋናዊት እናት አሉ። ሁላችንም «አንቲ» ነው የምንላቸው። ባለፈው ሳምንት በማረፊያ ክፍላችን ምግባቸውን ሲያሞቁ ሽታው ከሜሪላንድ አንስቶ ድሬዳዋ ጣለኝ። የተቆላ ለውዝ! ከትምህርት ቤት ስንወጣ በወረቀት ጥቅልል እየገዛን የምንቆረጥመው የባቢሌ ለውዝ። (ሌላው ኦቾሎኒ ይበለው። እኛ ለውዝ ብለን ነው ያደግነው፣ እዚህም በዚያው እቀጥላለሁ።) በሳህን ክዳን ሁለት ማንኪያ አቀመሱኝ። ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ እሱ ላይ ነው።

ዶሮ ወጥ እችላለሁ። እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ እናቴ በስልክ ነው ያስተማረችኝ፣ ግን እችላለሁ። ይሄ ምን ይከብደኛል?

ያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ከበደኝ።

አራት ራስ ሽንኩርት አድቅቄ ከተፍኩና ያለ ዘይት አቁላላሁ። አንድ ሰዓት ያህል ከማማሰያው አልተላቀቅሁም። ጥሩ ቁሌት ወጣው። ከዚያ እጄ በራሱ ጊዜ ወደ በርበሬው ሄደ። እውነቴን ነው፣ አላሰብኩበትም። ሁለት ማንኪያ ገባ። አንዴ ከገባ ደግሞ ቅቤ ያልነካው በርበሬ ያሳዝናል ብዬ ትንሽ ንጥር ቅቤ ጣል አደረግሁ።

የለውዝ ቅቤው ልጄ ዳቦዋ ላይ የምትቀባው፣ ከሱፐርማርኬት የተገዛው ነው። ቀዝቃዛውን ከዕቃው እየዛቅሁ ወጡ ላይ ጣልኩት። ጓጎለ። ጉጉሉ ይሟሟ ብዬ እሳቱን ጨመርኩ። የዶሮ ደረት ነበር የገዛሁት፣ አጥንት የሌለው። በ20 ደቂቃ ውስጥ ገመድ ሆነ። ስልክ ላነሳ ዞር ስል ሥሩ ያዘ።

የወጣው ነገር ስም የለውም። ይጣፍጣል፣ ያቃጥላል፣ ያረረ ይሸታል። ልጄ በማንኪያ ጫፍ ቀመሰችና «ዳቦው ይሻለኛል» አለች።

የባሰው ደግሞ ድስቱ ነው። ባለቤቴ ለዓመት በዓል ዶሮ ወጥ ብቻ የምታወጣው ወፍራም ድስት ነበር። ሥሩ ጥቁር ቅርፊት ለበሰ። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ አፍልቼበት ሁለት ሰዓት ፈተግሁ። ማታ ስትገባ ገና በሩ ላይ አሸተተች። «በእኔ ድስት?» አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም። ድስቱ አሁን ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከእኔ ቁመት በላይ ተቀምጧል።

ጥር 4፣ ሰኞ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት

ለአንቲ ሁሉን ተናዘዝኩ። በርበሬው ላይ ስደርስ ሳቁ። ቅቤው ላይ ስደርስ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ሾርባ እኮ ነው ያልኩህ» አሉኝ። በእነሱ ቋንቋ፣ በአካን፣ ስሙ ንካቴንክዋን ነው። ንካቴ ለውዝ ነው፣ ንክዋን ሾርባ። ስሙ ራሱ ይናገራል። እኔ ግን ከመጀመሪያው ወጥ አድርጌ ነው ያሰብኩት። ስለዚህ ሽንኩርት አበዛሁ፣ አጠቆርኩ፣ አወፈርኩ። የዶሮ ወጥ እጅ ነው ያሳሳተኝ።

የነገሩኝን በወረቀት ፎጣ ላይ ጽፌዋለሁ። ሽንኩርት አይቁላላም። ዶሮው ከተፈጨ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ጋር ድስት ውስጥ ገብቶ ይከደናል፣ በገዛ ውሃው ይፍለቀለቃል። ቲማቲምና ቃሪያ ሳይቆረጡ ከላዩ ላይ ይቀቀላሉ። ሲለሰልሱ ወጥተው ይፈጩና በወንፊት ተጠልለው ይመለሳሉ። ለውዙ ለብቻው በሌላ ትንሽ ድስት ይበስላል። ይሄን ሦስት ጊዜ ደገሙልኝ። ዘይት? አንድ ጠብታ አይገባም። «ዘይቱ ለውዙ ውስጥ አለልህ። እስኪሰጥህ መጠበቅ ነው።»

የሱፐርማርኬቱን ነገር ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። በኋላ የዕቃውን ጀርባ አነበብኩ። ስኳር አለው፣ የረጋ የአትክልት ስብም አለው። ስቡ የሚገባው ዘይቱ ተለይቶ ከላይ እንዳይንሳፈፍ ነው። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ተለይቶ እንዲወጣ! አንቲ የሚገዙት ለውዝ ብቻ የተጻፈበትን ነው፣ ሲከፈት ዘይቱ ከላይ የተኛውን።

ስንት ደቂቃ ይፈጃል አልኳቸው። «ዘይቱ እስኪወጣ» አሉ። እናቴም ስለ ቁሌት ስጠይቃት «ሲበቃው ይነግርሃል» ነበር ያለችኝ። የትም አገር እናቶች ደቂቃ አይሰጡም።

ጥር 9፣ ቅዳሜ

ዛሬ ዶሮ የለም። ለውዙን ብቻ ልማር ብያለሁ።

ግማሽ ኪሎ ጥሬ ለውዝ ገዛሁ። መጥበሻ ላይ ብቆላው ግማሹ ያርብኛል፣ ስለዚህ በኦቨን አደረግሁት። 175 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ 20 ደቂቃ ያህል፣ መሐል ላይ አንዴ አገላብጬ። ሲቀዘቅዝ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ አሸሁት፣ ገለፈቱ ረገፈ። በረንዳ ላይ ወጥቼ አነፈስኩት። ሰፌድ የለኝም፣ በትሪ ነው። ገለፈቱ ተነስቶ የጎረቤት መኪና ላይ አረፈ።

ከዚያ ብሌንደር። መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል። ቀጥሎ ተጠቅልሎ እንደ ሊጥ ይሆንና ማሽኑ ያለቅሳል። እዚህ ላይ ተስፋ የሚቆርጥ ብዙ ነው። አጥፍቼ፣ ጎኑን በማንኪያ ጠርጌ፣ ማሽኑን አሳርፌ፣ እንደገና አስነሳሁ። ድንገት ለቀቀ። ዘይቱ ሲወጣ ሊጡ ማር መሰለ። ውሃም ዘይትም አልጨመርኩም።

አሁን ዋናው። አንድ ስኒ ያህሉን በሙቅ ውሃ በጠበጥኩ፣ ልክ ሽሮ እንደሚበጠበጥ፣ ጥቂት በጥቂት። ጉጉል የለም! የመጀመሪያው ቀን ጥፋቴ ወዲያው ገባኝ። ሽሮ በደረቁ ድስት ውስጥ የሚደፋ ማን ነው? ትንሽ የቲማቲም ድልህ ጨምሬ ዝቅ ባለ እሳት ጣድኩት።

ያየሁትን ሁሉ ልጻፍ። መጀመሪያ ገርጥቶ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። አሥር ደቂቃ ላይ ይወፍርና ይንተከተካል፣ እንደ ሽሮም ይተፋል። እጄን ሁለት ቦታ አቃጠለኝ። በዚህ ጊዜ ሥሩ ሊይዝ ይፈልጋል፣ ማማሰያው ማቆም የለበትም። ሃያ ደቂቃ ላይ ምንም አልተለወጠም። ውሃ ጠብ አደረግሁበት። ሃያ አምስት ላይ ቀለሙ ጠቆር አለ፣ የጥሬ ለውዝ ሽታው ጠፍቶ የተቆላ ሸተተ። ሠላሳ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ በድስቱ ጠርዝ ዙሪያ ቀጭን ቀይ መስመር ታየ። ማማሰያውን ሳስኬድ መስመሩ ይጠፋል፣ ሳቆም ይመለሳል። አርባ ላይ መሐሉም እንደ ዓይን ዓይን ጠብታ አወጣ።

ይሄ ነው! ልጄን ጠርቼ አሳየኋት። «ዘይት ነው» አለች። አዎ፣ ዘይት ነው። ግን እኔ ያልጨመርኩት ዘይት።

ማታ እናቴ ደወለች። ነገርኳት። «አቦ ምን ነካህ? ለውዝ በዶሮ? ለውዝ እኮ የቡና ቁርስ ነው» አለች። የዘይቱን መውጣት ስተርክላት ግን ዝም ብላ ሰማችኝ። «ታዲያ ዶሮ ወጥም ቅቤው ከላይ ካልታየ መች ይወጣል?» አለች። ተስማማን ማለት ነው።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

ጥምቀት ትናንት አለፈ፣ ዛሬ እረፍት ነኝ። ስለ ለውዝ ሳነብ አመሸሁ። የተረዳሁት ነገር ቢኖር ሳህኑ ላይ ያለው ግማሽ ነገር እንግዳ መሆኑን ነው። ለውዝ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። ወደ ምዕራብ አፍሪካ ያስገቡት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋሎች ናቸው። ቲማቲሙም ቃሪያውም ከዚያው አህጉር የመጡ ናቸው። የእኛም በርበሬ እንደዚሁ፣ እንዳንኮራ። ግን ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ከዚያ በፊት የራሱ የሆነ፣ ፍሬውን መሬት ውስጥ የሚያፈራ «ባምባራ» የሚባል ጥራጥሬ ነበር። እንግዳው የመጣው የሚያውቀው ቤት ነው።

በማሊ ይሄንኑ ወጥ ቲጋ ዴጌ ና ይሉታል፦ የለውዝ ሊጥ ወጥ። በሴኔጋል ማፌ ነው፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመንና ካሳቫ የሚባል ሥር ገብቶበት ሩዝ ላይ ይፈስሳል። በፈረንጆች 1885 ዳካርን ከሴንት ሉዊ ያገናኘው የባቡር መስመር ዋና ጭነቱ ለውዝ ነበር። እኔ ባቡር የወለዳት ከተማ ልጅ ነኝ፣ ድሬዳዋ በፈረንጆች 1902 ከጅቡቲው ባቡር ጋር ነው የተቆረቆረችው። እንዲህ ያለ ነገር ሳነብ ልቤ ይሸፍታል። ማፌን ሌላ ጊዜ። አሁን የአንቲን ልጨርስ።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

ሁለተኛው ሙሉ ሙከራ። በተራ ድስት።

አጥንት ያለው ታፋና እግር ገዛሁ። ቆዳውን ገፍፌ፣ በሎሚና በጨው አጠብኩ። ይሄን ማንም አላዘዘኝም፣ ግን ዶሮ በሎሚ ሳላጥብ እጄ እሺ አይለኝም። አንቲም ያጥባሉ፣ ጠይቄያለሁ።

ሁሉም እንደተባለው ሄደ። ዶሮው በውሃው ተፍለቀለቀ፣ ቲማቲሙ ተፈጨ፣ ለውዙ ለብቻው ዘይቱን ሰጠ። አንድ ሀባኔሮ፣ ያ ትንሹ እጅግ የሚያቃጥለው ቃሪያ፣ ሳይቆረጥ ጣል አደረግሁ። ሳይፈነዳ ከበሰለ ሽታውን ይሰጣል፣ ማቃጠሉ ግን ለስለስ ይላል። መጨረሻ ላይ በጭልፋ ይወጣል።

እኔ ደግሞ የማማሰል ልማድ አለብኝ። ከዶሮ ወጥ የመጣ ነው። ሀባኔሮውን በማማሰያው ድስቱ ጠርዝ ላይ ጨፈለቅሁት። ፍሬው ሲበተን አየሁት፣ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ልጄ በእንባ ወተት ጠጣች። እኔና ባለቤቴ ግን በላን። ባለቤቴ ሁለተኛ ጊዜ ጨለፈች፣ አስተያየት አልሰጠችም። ለእኔ በቂ ነው።

በእንጀራ ነው የበላነው። ለዚያ እንዲመች ውሃውን አስመጥጬ አወፍሬው ነበር። ለአንቲ በዕቃ ወሰድኩላቸው። ቀመሱ። «ጣዕሙ መጥቷል» አሉ። ቀጥለው ዕቃውን አዘነበሉት። አልፈሰሰም። «ሾርባው የታለ?» አሉኝ።

እንጀራውን ትቼ አላውቅም ለካ። ከእሱ ጋር የማይሄድ ሁሉ ያልበሰለ ይመስለኛል።

ጥር 22፣ ዓርብ

ነገ ሰው ጠርቻለሁ፣ ሁለት ባልና ሚስት። ሁሉንም ቀድሜ በስልክ ጠይቄያለሁ፦ ለውዝ የማይስማማው አለ? ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ጥቂት እንኳ ሰው ሊገድል ይችላል። ማንም የለም።

ከሥራ ስወጣ ላንግሊ ፓርክ አካባቢ ካለ የምዕራብ አፍሪካ ሱቅ ገባሁ። አንቲ «ሀርድ ቺክን» ግዛ ብለውኛል። እንቁላል ጥላ የጨረሰች ያረጀች ዶሮ ናት፣ ሥጋዋ ጠንካራ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለን ሐበሾችም ለዶሮ ወጥ የምንፈልጋት ይቺኑ ነው። የሱፐርማርኬቱ ዶሮ ገና ቁሌቱ ሳይነካው ይበታተናል። ሱቁ ውስጥ አንዲት የእኛ አገር ሴት አገኘሁ፣ እሷም ሁለት ይዛለች። ተያይተን ሳቅን።

ጥር 23፣ ቅዳሜ

መጠኑን ልጻፍ፣ ለስድስት ሰው የሚሆን ነው። አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የምትመዝን ዶሮ፣ ተበልታ። ሁለት ሽንኩርት፣ አንዱ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር የሚፈጭ፣ አንዱ ከቲማቲሙ ጋር የሚቀቀል። አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል። አምስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት። ሦስት የበሰለ ቲማቲም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ። ሩብ ኪሎ የለውዝ ቅቤ፣ ንጹሑ። አንድ ሀባኔሮ። ጨው። ውሃ ሊትር ተኩል ያህል፣ ሲያንስም እጨምራለሁ።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል። ዶሮዋ ገባች። ሩብ ሰዓት በገዛ ውሃዋ፣ ከዚያ ውሃና ቲማቲም። የሀርድ ቺክን ጉዳይ ትዕግሥት ነው፣ ሹካ እሺ ያላት ከአንድ ሰዓት ከሃያ በኋላ ነው።

6 ሰዓት። ለውዙን በዶሮዋ መረቅ በጥብጬ በትንሹ ድስት ጣድኩ። ድልሁም እዚያው ገባ። በሠላሳ አምስት ደቂቃ ቀዩ መስመር ታየ። አልቸኮልኩም፣ መሐሉ ዓይን እስኪያወጣ ቆምኩ። ባለቤቴ መጥታ ከጎኔ ቆመች። የበርበሬ ዕቃዋን ይዛለች። «አንድ ማንኪያ ብቻ፣ ለቀለሙ» አለች። አይሆንም አልኳት። ራሴን የከለከልኩትን ሰው መከልከል ቀላል ነው።

7 ሰዓት። ለውዙን ወደ ትልቁ ድስት ገለበጥኩት። ሀባኔሮው ጭራው ሳይቀነጠስ ከላይ ተንሳፈፈ። ማማሰያውን ሌላ ክፍል ወስጄ አስቀመጥኩት። ይያዝ ይሆን ብዬ ስሰጋ ድስቱን በሁለት እጄ ይዤ ወዘወዝኩ። በመጨረሻ ከላይ ብርቱካን የሚመስል ዘይት ተኛ፣ ከሥሩ ቀጭን ሾርባ። ጭልፋውን ሳዘነብል ፈሰሰ። ፈሰሰ!

እንጀራ አላቀረብኩም። ጋናዎች በፉፉ ይበሉታል፣ ከካሳቫና ፕላንቴን ከሚባል ጥሬ የምግብ ሙዝ የሚወቀጥ። ሙቀጫ የለኝም፣ ጎረቤትም አለ። ስለዚህ ኦሞ ቱዎ ሠራሁ። ሩዝ ነው፣ በብዙ ውሃ ከልክ በላይ ተቀቅሎ፣ በማማሰያ ተደቁሶ፣ በእርጥብ እጅ እንደ ኳስ የሚድቦለቦል። አንቲ እንደሚሉት ጋና ውስጥ የእሑድ ምግብ ነው። እኔ አንድ ቀን ቀደምኩ። ማማሰያው ከስደት የተመለሰው ለዚህ ነው።

ጎድጓዳ ሳህን መሐል አንድ ኳስ፣ ዙሪያውን ሾርባ፣ ከላይ አንድ ብልት። እንግዶቹ ሳህኑን አዩ፣ እኔን አዩ። «እንጀራው ይመጣል?» አለ አንዱ። አይመጣም። በቀኝ እጅ ኳሱን እየቆረሱ፣ ሾርባው ውስጥ እየነከሩ። እጃችን እንግዳ አልሆነበትም። ዝምታ ሆነ። ከዚያ የጓደኛዬ ሚስት ሳህኗን አንስታ የቀረውን እንደ ሻይ ጠጣችው።

ልጄ አላለቀሰችም። ሁለት ኳስ በላች።

ጥር 24፣ እሑድ

የተረፈው አንድ ጭልፋ ብቻ ነው። ነገ ነነዌ ይገባል፣ ስለዚህ ዛሬ ማለቅ አለበት። ለአንቲ አስቀርቼ የነበረውን ጠዋት ቤታቸው አደረስኩ። ዕቃውን በር ላይ ከፍተው አዘነበሉት። ፈሰሰ። ምንም ሳይሉ ክዳኑን ገጠሙና ጉንጬን መታ መታ አደረጉኝ።

ስመለስ ባለቤቴ ማዕድ ቤት ነበረች። «ቅቤ የለበትም አይደል? ዘይቱም የራሱ ነው» አለች። አዎ አልኳት። «ዶሮው ከወጣ እኮ ጾም ነው።» አሰብኩት። በእንጉዳይና በደበርጃን ይሆናል፣ ደበርጃን እነሱም ይጨምራሉ። በዶሮ መረቅ ፈንታ የቲማቲሙ ውሃ። ለውዙ ይበቃኛል፣ ከተፈጨው ቀርቷል።

ወንበር ጎትታ ወጣች። ከላይኛው መደርደሪያ ወፍራሙን ድስት አውርዳ ምድጃው ላይ አስቀመጠችልኝ።